ጣሪያ፣ ገቢና ጎረቤት፦ በከተማ የቤት ውስጥ ጥቃትን ለመከላከል ሴቶችን ማብቃት

የቤት ውስጥ ጥቃት የሚባለው ባል፣ የቀድሞ ባል ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ የሚኖር ወንድ በሴቲቱ ላይ ከሚያደርሰው ድብደባ የሰፋ ነው፤ ያለ ፈቃዷ የሚፈጸም ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ዛቻና ማዋረድ፣ ደመወዟን መቀማት፣ የቤት ወጪ መንፈግ፣ ከወላጆቿና ከባልንጀሮቿ ጋር እንዳትገናኝ ማድረግ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠቃለላል። እነዚህ ድርጊቶች በመልክ ቢለያዩም የሚያገለግሉት ዓላማ አንድ ነው፤ እርሱም የአንዲትን ሴት ውሎና ውሳኔ በሌላ ሰው ቁጥጥር ሥር ማኖር ነው። ስለዚህ ጥቃቱን እንደ ጸባይ ጉድለት ወይም እንደ መጠጥ ጣጣ ብቻ አይቶ በምክርና በተግሣጽ ለማስቆም የሚደረገው ጥረት ብዙ ጊዜ ያለ ውጤት ይቀራል፤ ባልየው መጠጡን ቢተው እንኳ በእርሱና በሚስቱ መካከል ያለው የኃይል ሚዛን እንደነበረ ከቆየ ጥቃቱ መልኩን ቀይሮ ይቀጥላል። ሴቶችን ማብቃት የሚለው ሐሳብ የሚነሣውም ከዚህ ነው። በዚህ ምዕራፍ ማብቃት ማለት አንዲት ሴት ስለ ኑሮዋ ራሷ እንድትወስን፣ የወሰነችውንም እንድትፈጽም፣ ኑሮው የማይቻል በሆነ ጊዜ ደግሞ በሕይወት ወጥታ ሌላ ኑሮ እንድትጀምር የሚያስችሏት ነገሮች በእጇ መግባታቸው ነው። ሥልጠናና ደመወዝ የዚህ ክፍል ናቸው፤ ነገር ግን ብቻቸውን በቂ እንዳልሆኑ የኢትዮጵያ ከተሞች ልምድም ሆነ እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች ያሳያሉ።

የችግሩን ስፋት ለመረዳት በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥሩ መነሻ ነው። ዳሰሳው ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ሲጠይቅ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ከባል የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከዚያ ቀደም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ውስጥ የቡታጅራ ገጠር ተካትቶ ነበር፤ በዚያም 71 በመቶ የሚሆኑ ሴቶች በዕድሜያቸው ዘመን ከባል ወይም ከአጋር የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተመዝግቧል። አንዱ አገር አቀፍ ሌላው የአንድ አካባቢ ጥናት በመሆኑ፣ የአጠያየቃቸውም ስልት ስለሚለያይ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አንዱን ከሌላው ቀንሶ ጥቃት ይህን ያህል ወረደ ማለት አይቻልም።

ለመከላከል ሥራ ከእነዚህ ቁጥሮች ይበልጥ የሚያሳስበው ዝምታው ነው። በዚያው የ2008 ዓ.ም. ዳሰሳ የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚያህሉት እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም ሰውም አልተናገሩም፤ እርዳታ የፈለጉት ከአራት አንድ እንኳ አይሞሉም፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ እንጂ ወደ ፖሊስ አልነበረም። ባል ሚስቱን ቢመታ የሚገባበት ምክንያት አለ ብለው የመለሱት ሴቶችም በ1992 ዓ.ም. 85 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 63 በመቶ ነበሩ፤ በኋለኛው ዳሰሳ ይህንኑ የተቀበሉት ወንዶች ግን 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ልዩነት አንሥቶ ጥፋቱ የሴቶቹ አስተሳሰብ ነው ማለት ፍትሕ የጎደለው አነባበብ ነው። ብዙ ሴቶች በዚህ ጥያቄ የሚመልሱት ልባቸው የሚያምንበትን ሳይሆን ያደጉበት ዓለም የሚሠራበትን ደንብ ሊሆን ይችላል፤ ገበናዋን አውጥታ የምትናገር ሴት ከእናቷ ጀምሮ እስከ ሽማግሌዎቹ ድረስ «ቻይው»፣ «ለልጆችሽ ስትይ»፣ «ትዳር ቻይ ይፈልጋል» የሚል መልስ እንደሚጠብቃት ታውቃለችና።

ከተማ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ተጻራሪ ነገሮችን ይዞ ይመጣል። በአንድ በኩል ፖሊስ ጣቢያው፣ ፍርድ ቤቱና ሆስፒታሉ ከገጠር ይልቅ ቅርብ ናቸው፤ ሥራ የማግኘት ዕድሉም ይሻላል። በሌላ በኩል ከገጠር ወይም ከሌላ ከተማ የመጣች ሴት «ተይ» ወይም «ተው» ከሚል አባትና ወንድም ርቃ፣ በባሏ ዘመድ ብቻ ተከብባ የምትኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። በአዲስ አበባ እንደ ልደታና አራት ኪሎ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱና ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ወደ ተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲዛወር የጠፋው ቤት ብቻ አይደለም። በቀበሌ ቤቶች ግቢ ግድግዳው ስስ፣ ማብሰያውና መጸዳጃው የጋራ ስለነበረ የአንዱ ቤት ጩኸት በሌላው ይሰማ ነበር፤ ሰሚው ሁሉ ደራሽ ባይሆንም እንኳ ደራሽ ሊሆን የሚችል ሰው በቅርብ ነበር። በፎቁ ላይ በሩ ሲዘጋ፣ ጎረቤቱም ገና ሳይተዋወቅ፣ እድሩም ሳይቋቋም፣ ያ የቅርብ ሰው አብሮ ይጠፋል። የከተማ መልሶ ማልማት ሲታቀድ ይህ ኪሳራ ከካሳው ስሌት ውስጥ ሲገባ አይታይም፤ ሊገባ ግን ይገባው ነበር።

ሕጉ ከማኅበረሰቡ ቀድሞ ብዙ ርቀት ተጉዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስትም በተፈቀደ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር፤ መኖሪያውን የመወሰን ሥልጣንም የባል ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ካወጀ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን የአለቅነት ድንጋጌ አስቀርቶ የቤተሰቡን አስተዳደርና የጋራ ንብረቱን ለሁለቱም እኩል ሰጠ፤ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አደረገ፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣንንም ከቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ወስዶ ለፍርድ ቤት አስተላለፈ። በከተማ ለብዙ ሴቶች ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን እምብዛም የማይታወቀው ክፍል ነው፤ ሕጉ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ ሰዎች ግንኙነታቸው ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከሆነ በመካከሉ ያፈሩት ንብረት የጋራ እንደሚሆን ይደነግጋል። ቀለበት አላሰረልኝም፣ ስለዚህ ብወጣ ባዶ እጄን ነው ብላ የምትቀመጥ ሴት ይህን ብታውቅ የምትወስነው ውሳኔ ሌላ ሊሆን ይችላል። የፍቺ ጥያቄ ከቀረበም በኋላ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት ጊዜያዊ ትእዛዝ ሊሰጥ፣ ከመኖሪያ ቤቱ የሚወጣው ማን እንደሆነም ሊወስን ይችላል።

የእነዚህ ለውጦች ውጤት በኑሮ ላይ ታይቷል። ሜሪ ሃልዋርድ-ድሪማየርና ኡስማን ጋጂጎ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች አዲሱ የቤተሰብ ሕግ ቀድሞ የተሠራባቸውን አካባቢዎች ካልተሠራባቸው ጋር አነጻጽረው፣ ቀድሞ በተሠራባቸው ሴቶች ከቤት ውጭ ሥራ የመያዛቸው ዕድል ይበልጥ እንዳደገ አሳይተዋል። የሕግ አንቀጽ በጓዳ ውስጥ የሚደረገውን ድርድር ሊለውጥ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የወንጀል ሕጉ በአንጻሩ በግማሽ መንገድ የቆመ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ይህ ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ለይቶ ቢጠቅስም፣ ለቅጣቱ የሚመራው ወደ አካል ጉዳት አጠቃላይ ድንጋጌዎች ነው፤ ቀላል ጉዳት ሲሆንም ክሱ የሚንቀሳቀሰው በተበዳይዋ አቤቱታ ነው። አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ሐረግ በመያዙ ባል በሚስቱ ላይ የሚፈጽመውን አይነካም። በሌሎች ብዙ አገሮች የጥበቃ ትእዛዝ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ይህም ፍርድ ቤት አጥቂውን ገና ሳይቀጣ፣ ወይም ሳይከሰስ እንኳ፣ ወደ ሴቲቱ ቤትና ወደ ሥራ ቦታዋ እንዳይደርስ የሚከለክልበት ትእዛዝ ነው። የወንጀል ሕጉም ሆነ የቤተሰብ ሕጉ እንዲህ ያለ ሥርዓት አልዘረጉም። በዚህ ምክንያት አቤት ያለች ሴት፣ የፍቺ መዝገብ ካላስከፈተች በቀር፣ የምርመራውን ውጤት የምትጠብቀው ብዙ ጊዜ ከተከሳሹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። አቤቱታዋን አንሥታ የምትመለሰው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከዚህ ያገኘዋል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ለሠላሳ ዓመታት የደከሙ ሴቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር እየሰጠ፣ የቤተሰብ ሕጉና የወንጀል ሕጉ እንዲሻሻሉ ይሟገት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት የሚቃወም ሰልፍ በአዲስ አበባ አስተባበረ፤ በዚያው ዓመትም ለተወሰነ ጊዜ ታገደ። ከመሥራቾቹ አንዷ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። በመካከሉ የወጣው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ በመከልከሉ የዚህን ማኅበር አገልግሎት ክፉኛ አዳክሞታል፤ አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪሻር ድረስ ያለፉት አሥር ዓመታት፣ ነፃ ጠበቃ ያስፈልጋቸው ለነበሩ ሴቶች ተመልሰው የማይመጡ ዓመታት ናቸው።

ከሕጉ ቀጥሎ የሚነሣው ገንዘብ ነው። የራሷ ገቢ ያላት ሴት አትደበደብም የሚለው እምነት በልማት ድርጅቶችም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ እውነትም አለው፣ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። አንድሪያስ ኮትሳዳምና ኤስፐን ቪላንገር የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ሥራ የፈለጉ ሴቶችን በዕጣ ለይተው፣ ሥራ የተሰጣቸውን ካልተሰጣቸው ጋር ሲያወዳድሩ፣ የሥራው ዕድል የሴቶቹን ገቢ ቢጨምርም በባል የሚደርስባቸውን ጥቃት ጉልህ በሆነ መጠን አልቀነሰም፣ አላባባሰምም። ይህ ውጤት ተስፋ የሚያስቆርጥ መስሎ ቢታይም በውስጡ የሚያስተምረው ነገር አለ። የፋብሪካ መነሻ ደመወዝ በከተማ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቶ ልጅ ለማሳደግ የማይበቃ ከሆነ፣ ሴቲቱ ገንዘብ አገኘች እንጂ መውጫ አላገኘችም። ገቢዋ ከባሏ ፈቃድ ነፃ የሚያወጣት ደረጃ ላይ ሳይደርስ በፊት ደግሞ አንዳንዱ ባል የቀነሰበትን ሥልጣን በኃይል ለማስመለስ ይነሣሣል፤ በጥናት ዓለም የአጸፋ ጥቃት የሚባለው ይህ ነው።

ስለዚህ የገንዘቡ መጠን ብቻ ሳይሆን በማን እጅ እንደሚውልም መታየት አለበት። ብዙ የከተማ ሴቶች ይህን ያለ አስተማሪ ያውቁታል። እቁብ የሚገቡት በራሳቸው ስም ነው፤ ዕጣው ሲደርስም ገንዘቡ ወደ ቤት ሳይገባ ለሚፈለገው ነገር ይውላል ወይም እናት ዘንድ ይቀመጣል። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር ለዚህ አዲስ በር ከፍቷል፤ በእጅ ስልክ ላይ ያለ ሒሳብ በፍራሽ ሥር እንደሚደበቅ ብር አይገኝም። ነገር ግን ስልኩን ባል የሚፈትሽበት፣ የምስጢር ቁጥሩንም የሚያውቅበት ቤት ከሆነ ያው መሣሪያ መቆጣጠሪያ ይሆናል፤ የገንዘብ ተቋማት አገልግሎታቸውን ሲያስተዋውቁ ይህን ለደንበኞቻቸው ቢያስረዱ ብዙ ይጠቅማሉ። ለሴቶች ነጋዴዎች ብድር የሚያቀርቡ ፕሮግራሞችም፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረውን የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት ጨምሮ፣ ብድሩ ከተሰጠ በኋላ በገንዘቡ ላይ የሚያዝዘው ማን እንደሆነ መከታተል ይኖርባቸዋል። ዕዳው በሚስት ስም ሆኖ ገንዘቡን ባል ካዘዘበት፣ ብድሩ አቅም ሳይሆን ሌላ ማሰሪያ ነው።

በከተማ ከገንዘብም በላይ የሚከብደው ቤት ነው። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች እንዲመደብ ማድረጉ በጸጥታ የተፈጸመ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ካርታው በስሟ የሆነ ሴት «ከቤቴ ውጪ» ተብላ በሌሊት ልትባረር አትችልምና። የቀበሌ ቤትና የግል ኪራይ ውል ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፉት በባል ስም ብቻ ነው። የኪራይ ውል በሁለቱም ስም እንዲጻፍ ማድረግ ለወረዳ አስተዳደር ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ ነገር ነው፤ ለሴቲቱ ግን በመቆየትና በመውጣት መካከል ያለውን ልዩነት ሊፈጥር ይችላል። ብዙ አከራዮች የሁለትና የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ በሚጠይቁባት ከተማ፣ ልጆቿን ይዛ ለመውጣት የምታስብ ሴት ከሁሉ በፊት የምታሰላው ይህንኑ ገንዘብ ነው።

መውጫ ላጡት የተቋቋሙት የማቆያ ቤቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ከጥቃት ላመለጡ ሴቶችና ልጆቻቸው መጠለያ፣ ሕክምና፣ የሕግ ድጋፍና የሙያ ሥልጠና በመስጠት በአገሪቱ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተከፈተው የአንድ ማዕከል አገልግሎትም፣ በተለይ ለወሲብ ጥቃት ተጎጂዎች፣ ሐኪምን፣ ፖሊስን፣ ዐቃቤ ሕግንና የሥነ ልቡና አማካሪን በአንድ ቦታ አሰባስቧል፤ ተጎጂዋ ታሪኳን በየቢሮው እየደጋገመች እንዳትናገርና ማስረጃውም በመንከራተት መካከል እንዳይጠፋ ታስቦ ነው። እነዚህ ቤቶች ከከተሞቹ ስፋት አንጻር ጥቂቶች ናቸው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ከማቆያው የምትወጣበት ቀን ነው፤ መኖሪያና ሥራ ካልተዘጋጀላት ሥልጠናውን የጨረሰች ሴት ወደ ወጣችበት ቤት እንድትመለስ የሚያስገድዳት ነገር ብዙ ነው።

ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ሲወራ ከሚረሱት መካከል ከገጠር መጥተው በሰው ቤት የሚያገለግሉ ልጃገረዶች ይገኙበታል። የሚሠሩትም የሚያድሩትም በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሆነ አሠሪውን መሸሽ ማለት ሥራንም መኝታንም በአንድ ጊዜ ማጣት ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም የቤት ሠራተኞችን በሙሉ ጥበቃው ሥር አላካተታቸውም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ የተጀመረው ብሩህ ተስፋ ለእነዚህ ልጆች የቆመ ፕሮግራም ነበር፤ በሰፈሩ የታወቁ ሴቶች አሠልጣኞች ሆነው ቤት ለቤት እየሄዱ አሠሪዎችን በማግባባት ልጃገረዶቹ ለጥቂት ሰዓታት ወጥተው እንዲማሩና ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲተዋወቁ ያደርጉ ነበር። የዚህ አሠራር ብርታት ያለው በትምህርቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ አንዲት ብቻዋን የነበረች ልጅ ብትጠፋ የሚፈልጋት ሰው እንዳለ አሠሪዋ ማወቁ ራሱ ጥበቃ ነው።

ይህ ነጥብ ወደ ጎረቤት ይመልሳል። በጥናት ከተፈተኑት የመከላከያ ሥራዎች መካከል በከተማ ጥሩ ውጤት ያሳየው በካምፓላ የተሠራው ሳሳ የተባለ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት እንደሚለው፣ የሰፈር ሰዎች ራሳቸው እየሠለጠኑ በየገበያው፣ በየደጃፉና በየጣቢያው ስለ ሥልጣንና ስለ ጥቃት ውይይት ባካሄዱባቸው አካባቢዎች፣ በሴቶች ላይ ባለፈው ዓመት የደረሰው የአካል ጥቃት ካልተካሄደባቸው አካባቢዎች በ52 በመቶ ያነሰ ነበር። የተነጻጸሩት አካባቢዎች ስምንት ብቻ ስለነበሩ ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። በኢትዮጵያም በጉራጌ ዞን ገጠር በ64 መንደሮች የተሞከረ ፕሮግራም ነበር፤ ሰዎች በቡና ላይ ተሰብስበው 14 ጊዜ ስለ ትዳር፣ ስለ ጤናና ስለ ጥቃት ተወያዩ። የሴቶቹ ቡድን ለብቻው የታየ ለውጥ ሳያመጣ፣ በወንዶች ቡድን የተሳተፉት ግን የሚፈጽሙት የወሲብ ጥቃት ቀንሶ ተገኘ። እንግዲህ ሴቶችን ብቻ ሰብስቦ መብታቸውን ማስተማር፣ ጥቃቱን የማስቆሙን ሸክም በተጠቂዋ ጫንቃ ላይ እንዳያሳርፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሴቶችን ለማብቃት የሚሠራ ሰው በወንዶቹ መካከል የሚሠራ ሌላ ባልደረባ ያስፈልገዋል።

በከተማ ለዚህ የሚመች ተቋም ከእድር የበለጠ የለም። በኤችአይቪ ዘመን በርካታ የአዲስ አበባ እድሮች ለቀብር ብቻ የተቋቋመውን ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ አባል መደገፍና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር፤ ደንብ መሻሻል እንደሚችል ራሳቸው አሳይተዋል። በቤት ውስጥ ጥቃት ረገድ ሊሻሻሉ የሚገባቸው አንቀጾች ሩቅ አይደሉም። በብዙ እድሮች አባልነቱ የሚመዘገበው በአባወራው ስም በመሆኑ ሚስት ከትዳሩ ብትወጣ ለዓመታት ስትከፍል የኖረችበትን እድርም አብራ ታጣለች፤ አባልነቱ በሁለቱም ስም ቢሆን ግን ወጥታም ቀባሪና ጠያቂ አታጣም። የእድር ዳኞችና የሰፈር ሽማግሌዎችም ለእርቅ ሲቀመጡ ደም የፈሰሰበትን፣ መሣሪያ የተመዘዘበትን ወይም ሁለተኛ ጊዜ የተመለሰን ጉዳይ ከማስታረቅ ተቆጥበው ወደ ሕግ እንዲመሩ፣ ከዚያ የቀለለውን ሲያስታርቁም ባል በጽሑፍ ግዴታ እንዲገባና ከወር በኋላ ሚስቲቱን ብቻዋን ጠርተው እንዲጠይቋት በደንባቸው ሊያስቀምጡ ይችላሉ። ይህ የሚሆነው ግን በእድሩ ሥራ አመራር ውስጥ ሴቶች ሲቀመጡ ነው፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ሴቶች ድንኳኑን ያዘጋጃሉ፣ እንጀራውን ይጋግራሉ፣ መዝገቡና ማኅተሙ ግን ያሉት በወንዶች እጅ ነው። የሚቀጥለው የሥራ አመራር ምርጫ በሚደረግበት ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይህን አጀንዳ ለማስያዝ የአባላት ፊርማ ማሰባሰብ ይበቃል።